ትርንጎ እና የመጀመሪያው ቀፎ

«ተረት ተረት!»

«የመሰረት!»

እንግዲህ አትገፋፉ፣ ስሙ።

በድሮ ጊዜ ቀፎ የሚባል ነገር አልነበረም። ንብ የሚኖረው በዛፍ ሆድ ውስጥ ነበር። ሰው ማር ሲያምረው ዛፉን ያቃጥላል። ንቡ ያልቃል፣ ማሩ ይበላል። በቃ፣ እንዲህ ነበር።

በዚያ አገር አንድ ንጉሥ ነበር። ጠዋት ጠጅ፣ ቀን ጠጅ፣ ማታ ጠጅ። ጠጅ ደግሞ ያለ ማር አይጣልም። ስለዚህ የንቡ ዛፍ ሁሉ አንድ በአንድ ተቃጠለ። የቀረው አንድ ትልቅ ዋንዛ ብቻ ነበር። ንብ ስላለቀ ባቄላው ያብባል፣ ግን አያፈራም። ሰው ፈራ። ንጉሡ ግን ጠጅ አማረው።

ማር ቆራጩን አንዳርጌን አስጠራ።

«ዋንዛውን አቃጥለህ ማሩን አምጣ!» አለው።

«ጃንሆይ፣ እሱ ከተቃጠለ ንብ ከምድር ይጠፋል። አላደርገውም» አለ አንዳርጌ።

ንጉሡ ተቆጣ። አንዳርጌን በእግር ብረት አሰረው። «ማር ካልመጣ አትፈታም!» አለ።

አንዳርጌ ሚስት ነበረችው። ስሟ ትርንጎ ነው። ከሸንበቆ ቅርጫት እየሠራች ትሸጣለች። ባሏን በጣም ትወደዋለች። ስለዚህ ችቦ ለኩሳ ወደ ዋንዛው ሄደች። ልታቃጥለው ነው፤ ምን ታድርግ?

አውራዋ ንብ ወጥታ ትርንጎ ጆሮ ላይ አረፈች። ወዲያው ትርንጎ የንብ ቋንቋ ገባት።

«ለምን ታቃጥይናለሽ?» አለች ንቢቱ።

«ባሌ ታስሮብኛል።»

«እንግዲያው ቤት ሥሪልን። ማሩን በየዓመቱ እንሰጥሻለን።»

ትርንጎ ችቦውን አጠፋች። ወደ ንጉሡም ሄዳ፣ «ጃንሆይ፣ እስከ ጥቅምት ይታገሡኝ፤ ዛፉ ካለው የበለጠ ማር ያገኛሉ» አለች። የበለጠ የሚለውን ሲሰማ ንጉሡ እሺ አለ።

ትርንጎ መጀመሪያ ትልቅ ቅል አመጣች። ንቢቱ ገብታ ወጣች። «ጠበበን። ቤት ነው፣ ግን የኛ አይደለም» አለች።

ቀጥላ እንስራ አመጣች። ንቢቱ ገብታ ወጣች። «ፀሐይ ሲመታው አቃጠለን። ቤት ነው፣ ግን የኛ አይደለም» አለች።

ትርንጎ ተቀምጣ አለቀሰች። አልቅሳ ስትጨርስ፣ «እኔ የማውቀው ሸንበቆ ነው» አለች። ሸንበቆውን ሰንጥቃ ረጅምና ክብ አድርጋ ሠራችው። ውጭውን በእበት መረገችው። ውስጡን በወይራ አጠነችው። ከዚያ ዝቅ ያለ የዛፍ ቅርንጫፍ ላይ አጋደመችው። ንቢቱ ገባች፤ አልወጣችም። መንጋው ሁሉ ተከትሏት ገባ።

አደይ አበባ ፈነዳ። ቀፎው ሞላ። ጥቅምት ገባ። ንጉሡም ችቦ ከያዙ አሽከሮቹና ከመኳንንቱ ጋር መጣ።

«አቃጥሉት! ሁሉም የኔ ነው!» አለ።

ትርንጎ አጎንብሳ እጅ ነሳች።

«ጃንሆይ፣ እሳት ማሩን ያቀልጠዋል። ይልቅ እንካፈል። ከቀፎው ፊትና ኋላ አንዱን እርስዎ ይምረጡ፤ የቀረው የኔና የንቦቹ ይሁን። ድርሻዎን ሲይዙ ባሌን ይፍቱልኝ።»

ንጉሡ ሳቀ። «ንጉሥ ከኋላ ሲሄድ የት አይተሻል? ፊቱ የኔ ነው! ባልሽም ይፈታ!» አለ። መኳንንቱ ሁሉ ሰሙ።

ንጉሥ አይደል፣ ማንንም አላስቀደመም። ራሱ ሄዶ በቀፎው ፊት እጁን ሰደደ። ንብ ልጆቿን የምታሳድገው ከፊት፣ በበሩ በኩል ነው። ማሩን የምታኖረው ከኋላ ነው። ንጉሡ ይህን አያውቅም። ትርንጎ ታውቃለች።

ንቦቹ በአንድ ጊዜ ወጡ። ግንባሩን ነደፉት፣ አፍንጫውን ነደፉት፣ ከንፈሩን ነደፉት። መኳንንቱ እግሬ አውጪኝ አሉ። ንጉሡም እየጮኸ ወንዝ ገባ።

ትርንጎ በስተኋላ ዞረች። ቀፎውን በቀስታ በጭስ አጠነች። ማሩን ቆረጠች፤ ለንቦቹ የክረምት ስንቅ ተወችላቸው።

ንጉሡ ከወንዙ ሲወጣ ፊቱ አብጦ ዐይኑ አይታይም። «ማሬ የታለ?» አለ።

«ጃንሆይ፣ የመረጡት ፊቱን ነው» አለች ትርንጎ።

ንጉሡ ሸሽተው ወደተመለሱት መኳንንት ዞረ። ቃሉን ሁሉም ሰምተውታል። የንጉሥ ቃል አይታጠፍም፤ አንዳርጌ ተፈታ። ትርንጎም ከድርሻዋ አንድ ቁራጭ የማር እንጀራ ለንጉሡ ሰጠችው። ከንፈሩ አብጦ ስለነበር መብላት አልቻለም።

ልጆች፣ ማር የሚወድ የንብ ቤት አያቃጥልም። የሚሰጠንን ብንጠብቀው ነገም ይሰጠናል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ።