ጎሚኒዋና ከመኪና የወደቀችው ችግኝ

ተረት ተረት ሲባል መልሱ የላም በረት ነው። የእኔ ግን የደረቀ ፓምፕ ተረት ነውና «የጎሚኒ እጥረት» ብላችሁ ተቀበሉኝ።

የሾላ ሜዳ መንደር የውሃ ፓምፕ ቁልፍ ያዥ የሆነች እታለማሁ የምትባል ሴት ነበረች። ልጇ ማስተዋል ከተገላገለች ሃያ ቀኗ ነው። ፓምፑ በወለደች ማግስት ተበላሸ፤ ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ቀድተው ቢያጠጧት ሆዷን አመማት፤ ጡቷም ይነጥፍ ጀመር። ሕፃኑ ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ እንደገና ይጠባል። እታለማሁ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለአራሷ አንድ ጀሪካን ንጹሕ ውሃ።

ወደ ፓምፑ ሄደች። «አንተ ፓምፕ፣ ውሃ ስጠኝ፤ አራሴ ተጠማች።»

ፓምፑ እጀታውን ብትነቀንቀው አየር ተነፈሰ። «ጎሚኒዬ ተበልቷል፤ ካልቀየርሽልኝ ውሃ አልሰጥም» አለ። ጎሚኒ ማለት እንግዲህ ከጣት ቀለበት ብዙም የማትበልጥ የላስቲክ ቁራጭ ናት።

ወደ ወረዳው ከተማ ወጣች፤ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ወደ ጓንጉል። «ጓንጉል ወንድሜ፣ ጎሚኒ ስጠኝ። ፓምፑ ውሃ አልሰጥም አለ፤ አራሴ ተጠማች።»

ጎሚኒዎቹ ከጀርባው ተሰቅለዋል፤ እጇን ብትዘረጋ ትደርስባቸው ነበር። «እትዬ እታለማሁ፣ ብሰጥዎ ደስ ባለኝ» አለ ጓንጉል። «ዕቃው ግን ፓምፑን የተከለው ፕሮጀክት ንብረት ነው። ደብዳቤ ካላመጡ ጎሚኒ አልሰጥም።»

ወደ ፕሮጀክቱ ቢሮ ገባች፤ ወደ ኤርሚያስ። «ኤርሚያስ ልጄ፣ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ጓንጉል ጎሚኒ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ ውሃ አልሰጥም አለ፤ አራሴ ተጠማች።»

ኤርሚያስ ደግ ልጅ ነው፤ ወንበር ሳበላት። ከዚያም ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አሳያት። አሥራ ሰባት ባለቀለም ሳጥኖች አሉበት፤ የዓለም መንግሥታት እንፈጽማቸዋለን ብለው ቃል የገቡባቸው አሥራ ሰባት ግቦች ናቸው።

«የእኔ የትኛው ነው?» አለች።

«ስድስተኛው፣ እናቴ። ብርጭቆ የተሣለበት።»

«እኔ ጀሪካን ይዤ መጥቻለሁ። ቅዳልኛ!»

ኤርሚያስ አንገቱን ደፋ። «የውሃውን አምና ዘጋነው። ዘንድሮ ቅድሚያው የአሥራ ሦስተኛው ነው፤ የአየር ንብረቱ። ችግኝ ነው የምንተክለው። ማዳም ካልፈረመች ደብዳቤ አልጽፍም።»

ማዳም ባሕር ማዶ ያለች የረጂው ድርጅት ኃላፊ ናት። ኤርሚያስ ስልክ ደውሎ አስተረጎመላት። «ማዳም የኔ እመቤት፣ ፈርሚልኝ። ኤርሚያስ ደብዳቤ አልጽፍም አለ፣ ጓንጉል ጎሚኒ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ ውሃ አልሰጥም አለ፤ አራሴ ተጠማች።»

ማዳም አዘነች፤ ድምጿ ያስታውቅ ነበር። ግን እሷም ከበላይዋ ሰው አለባት። «የለገሱት ሰዎች ችግኛቸውን ማየት ይፈልጋሉ። የለመለመ ችግኝ ፎቶ ካልመጣልኝ አልፈርምም» አለች።

እታለማሁ ወደ ሾላ ሜዳ ተመለሰች። ፕሮጀክቱ የተከለው ሦስት መቶ ችግኝ ከፓምፑ አጠገብ እንደ ተማሪ ተሰልፎ፣ አጥር ተሠርቶለት፣ ክው ብሎ ደርቋል። «እናንተ ችግኞች፣ ለምልሙልኝ። ማዳም አልፈርምም አለች፣ ኤርሚያስ ደብዳቤ አልጽፍም አለ፣ ጓንጉል ጎሚኒ አልሰጥም አለ፣ ፓምፑ ውሃ አልሰጥም አለ፤ አራሴ ተጠማች።»

«ውሃ ካልጠጣን አንለመልምም» አሉ ችግኞቹ። «የምንጠጣውም ከዚሁ ፓምፕ ነበር።»

እታለማሁ ፓምፑን አየች፤ ችግኞቹን አየች። መጀመሪያ ሳቋ መጣ፤ ከሳቋ ኋላ እንባዋ። ዞሮ ዞሮ ከቤት ነውና ባዶ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ገባች።

ሕፃኑ የሚታጠብበት ሰዓት ደርሶ ነበር፤ በወንዙ ውሃ አጠበችው። በሾላ ሜዳ ሕፃን የታጠበበት ውሃ መንገድ ላይ አይደፋም፤ እግር እንዳይረግጠው ሕይወት ካለው ነገር ሥር ይደፋል። እታለማሁም እንደ ሰሞኑ ሁሉ ገበቴውን ይዛ ወደ ጓሮ ዞረች። እዚያ አንዲት ችግኝ አለች። ችግኞቹ ሲራገፉ ከመኪና ወድቃ ተሰበረችና ከሦስት መቶዎቹ ጋር ሳትቆጠር ተጣለች፤ እታለማሁ አዝናላት ነበር የተከለቻት። ውሃውን ደፍታ ቀና ስትል ዓይኗ ተገለጠ። ሃያ ቀን ስትደፋ ልብ አላለችም እንጂ፣ ችግኟ አራት አዲስ ቅጠል አውጥታለች!

እልልታዋን አቀለጠችው። ኤርሚያስን አስጠራችው፤ እየሮጠ መጥቶ ፎቶ አነሣ።

ችግኟ ለምልማለችና ማዳም ፈረመች፤ ማዳም ፈርማለችና ኤርሚያስ ደብዳቤ ጻፈ፤ ኤርሚያስ ደብዳቤ ጽፏልና ጓንጉል ጎሚኒዋን ራሱ ይዞ መጣ፤ ጎሚኒዋ ገብታለችና ፓምፑ ሁለቴ አስነጥሶ ውሃ ሰጠ፤ ፓምፑ ውሃ ሰጥቷልና አራሷ ጠጣች። በሳምንቱ ሆዷ ተሻላት፣ ጡቷ ሞላ፤ ሕፃኑም ጠብቶ ጠግቦ ተኛ።

እታለማሁ ማንንም አልረሳችም። «ማዳም፣ ባሕር ማዶ ሆነሽ ጥሜን የሰማሽ፣ አንቺም ጥም አይይዝሽ። ኤርሚያስ ልጄ፣ ጓንጉል ወንድሜ፣ ያጠጣችሁን እጃችሁ ይባረክ» ብላ መረቀቻቸው። ከዚያ ሁለተኛውን ጀሪካን ሞልታ፣ ተሸክማ፣ ለጓሮዋ ችግኝ አጠጣቻት።

ኤርሚያስ ደብተሩን ገልጦ ተከተላት። «ይቺን ችግኝ በስንተኛው ግብ ልመዝግባት፣ እናቴ?»

«ልጄ፣ በልጅ ልጄ ስም መዝግባት። እሱ ነው ያጠጣት» አለች።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በውሃ አርሱ።