የሻሼ ሆድና የጠያቂዎቿ ስጦታ

አንድ ጊዜ፣ በፋሲካ ማግስት፣ ሻሼ የምትባል ድመት ሆዷን ታመመች። ጾሙን ሙሉ የሽሮ ሽታ ብቻ ሲሸታት ከርማ፣ የዶሮ ወጡን ድስት ሳይከደን ስታገኘው ራሷን መግዛት አቃታት። በርበሬውን፣ ሽንኩርቱን፣ ቅቤውን ሳትለይ ጠርጋ በላች። ሲነጋ የበላችውን ሁሉ አስመለሰች። ሆዷ እያጉረመረመ፣ በረት ውስጥ ገለባ ላይ ተኛች።

ወሬውን ቀድመው የሰሙት አይጦች ናቸው። «ሻሼ ታማለች! ጎተራው የእኛ ነው!» እያሉ ጨፈሩ። ጎተራው ውስጥ ለክረምት የሚዘራ ጤፍ ነበር። ሻሼ ደነገጠች። «ዘሩን ከጨረሱት እኔን በዚህ ቤት ማን ያኖረኛል?» አለች።

ቀበሮ በሳህን ወተት ይዛ መጣች።

«እህቴን! ምን አገኘብኝ? ወተት ለሆድ ፍቱን ነው። በሞቴ ቅመሽ!»

«አልፈልግም» ማለት ነውር መሰላትና ሻሼ ሁለት ጊዜ ላሰች። ሆዷ ወዲያው ተገለበጠ። ቀበሮ የቀረውን ጭልጥ አድርጋ ጠጣችና «እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አለች። ሻሼ ባዶውን ሳህን አየችው፤ የራሷ ሳህን ነበር!

አመሻሽ ላይ አያ ጅቦ የሸተተ የበሬ ጎድን እየጎተተ ከች አለ።

«ይኸውልሽ፣ ጮማ! በሞቴ፣ ከዚህች ብቻ!»

ሻሼ አሁንም አፍራ ቀመሰች። ሌሊቱን ስታቃስት አደረች።

ሲነጋ፣ ጅቡን ፈርታ ጥግ ላይ ተለጥፋ ያደረችው አህያ ብቅ አለች።

«እትዬ አህይት፣ እርስዎ ምን አመጡልኝ?»

«ምንም! ሆድሽ የሚፈልገው እሱን ነው። እስከ ቀትር ውሃ ብቻ፣ ጥቂት ጥቂት እያልሽ ጠጪ። ከዚያ ወጥ ቢሰጡሽ ፊትሽን አዙሪና ከቤቱ እመቤት እግር ሥር ተኚ። እናትሽ የታመመች ጊዜ ምን እንዳበላቻት አትረሳም።»

ሻሼ የተባለችውን አደረገች። እመቤቲቱም የዶሮ ሥጋ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ፣ ያለ አጥንት ቀቀለችላት፤ የተቀቀለ ዱባም ደፍጥጣ ጨመረችበት። ሻሼ በልታ አንቀላፋች። ሆዷ ዝም አለ።

ማታ አያ ጅቦ ተመልሶ መጣና የተረፈውን ጎድን አንስቶ «በሞቴ!» አለ እንደገና። የሻሼ ጆሮዎች በእፍረት ተኙ። ግን አይጦቹ ጎተራው ውስጥ ሲያፏጩ ሰማችና ድምፅዋን አጠነከረች።

«አያ ጅቦ፣ ስለጠየቅከኝ እግዜር ይስጥልኝ። ግን አልበላም።»

«ጉድ! እንግዲያው እኔ ልብላው!» አለና አጥንቱን ሳያስቀር ሰለቀጠው።

በማግስቱ ሻሼ ተሽሏት ተነሣች። ጎተራው ውስጥ ገብታ አንድ ጊዜ «ሚያው!» ብትል፣ አይጦቹ አንዱ በሌላው ላይ እየወደቁ ፈረጠጡ። ከዚያ ሆዱን ይዞ ወደሚንከባለለው አያ ጅቦ ሄደች።

«ወይኔ ሆዴን! ሻሼ፣ ምን ይዘሽልኝ መጣሽ?»

ሻሼ አጠገቡ ተቀምጣ ጢሟን ጠረገችና፣

«አያ ጅቦ፣ በሞቴ» አለችው፣ «እስከ ቀትር ምንም እንዳትበላ!»

ከዚህ የምንማረው፣ የታመመ ሰው ስንጠይቅ እኛ የሚጥመንን ሳይሆን እሱን የሚያሽለውን መስጠት እንዳለብን፣ የታመመውም የማይስማማውን «አይሆንም» ለማለት ማፈር እንደሌለበት ነው።