አፏን ያልከፈተችው ቆሮሶ

በድሮ ዘመን፣ ልጆች፣ ደንገል እንደ አጥር የከበበው አንድ ሐይቅ ነበረ። ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም። እመት ጉማሬ መሃሉ ላይ ቆማ ጆሮዋ አይረጥብም። ነፋስ ሲነሳ ጭቃው ከሥር ይገለበጥና ውሃው ሻይ ይመስላል።

እመት ጉማሬ የሐይቁ ዳኛ ናት። ከባድ ናት፣ ዘገምተኛ ናት፣ ጠያቂ ናት። ያየችውን ሁሉ «ለምን?» ሳትል አታልፍም። አያ ሽመላ ደግሞ እግረ ረጅም፣ ልብሰ ነጭ፣ አፈ ጣፋጭ ነው። ቆሮሶ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ ዓሣ ናት፤ ዝምተኛ።

እመት ጉማሬ ዓሣ አትበላም፤ ሣር ነው የምትበላው። ማታ ማታ ወጥታ ሣሯን ትግጣለች፣ ጠዋት ጠዋት ተመልሳ ውሃው ውስጥ ፋንድያዋን ትጥላለች። አትሳቁ! ፋንድያው ውሃውን ያለመልማል፣ ልምላሜውን ዓሣ ይበላል፣ ዓሣውን ደግሞ የቀረነው ሁሉ እንበላለን። ስለዚህ እመት ጉማሬ ሐይቁን የምታየው ገበሬ ማሳውን እንደሚያይ ነበር።

ታዲያ አንድ ዓመት ዓሣ ጠፋ።

መጀመሪያ ጢማሙ ዓሣ ጋሽ አምባዛ መጣ። «እመት ጉማሬ፣ ዓሣ አለቀ! ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ።»

ቀጥሎ ንስር መጣ። «እመት ጉማሬ፣ ዓሣ አለቀ! ከላይ ሆኜ ሳየው ውሃው የታጠበ ድስት ሆኗል።»

በመጨረሻ አያ ሽመላ ቀስ እያለ መጣ። «እመት ጉማሬ፣ ዓሣ አለቀ። የጨረሰውንም የሚያወጣ ዘዴ አለኝ።»

«ይገርማል!» አለች እመት ጉማሬ። «ፋንድያዬን አላጓደልኩም፣ ውሃውም ለምለም ነው። ማሳው ለምቶ አዝመራው ለምን ይጠፋል?»

«ምን ያደክምዎታል?» አለ አያ ሽመላ አንገቱን ሰብሮ። «ሁሉንም ይሰብስቡና ‹ምን በላህ? ምን በላሽ?› ብለው ይጠይቁ። ንጹሕ የሆነ ይመልሳል። ዝም ያለ እሱ ሌባ ነው፤ ወደ ደረቅ መሬት ይወርወር።»

ምክሩ ቀላል ነበረ። ቀላል ምክር ደግሞ ደስ ይላል። እመት ጉማሬ «ይሁን» አለች፣ ሕግም ሆነ።

የሐይቁ ፍጥረት ሁሉ ተሰበሰበ።

«ጋሽ አምባዛ፣ ምን በላህ?»

«ያገኘሁትን፣ እመቤቴ። ዛሬ ጭቃ ነው ያገኘሁት።»

«ንስር፣ ምን በላህ?»

«የትናንቱን እያሰብኩ ምራቄን ዋጥኩ።»

«አያ ሽመላ፣ ምን በላህ?»

«እንቁራሪት። ያውም አንዲት ከሲታ።»

ተራው የቆሮሶ ሆነ።

«ቆሮሶ፣ ምን በላሽ?»

ዝም።

«አንቺ ልጅ፣ ምን በላሽ? አትፍሪ።»

ዝም።

«ኧረ ተናገሪ፣ ሕግ ወጥቷል እኮ!»

ቆሮሶ ወደ ፊት ቀረበች። አፏ ግን እንደ ተሰፋ ከረጢት ግጥም ብሎ ቀረ።

«ጉንጯን እዩልኝ!» አለ አያ ሽመላ ወደ ዳር እየተጠጋ። «እዚሁ ሸንጎ ላይ እንኳ እንደ ጎረሰች ነው። ሳትውጥ ነው የመጣችው!»

«የማታፍር!» አለ አንዱ። «ትውጣ! ትውጣ!» አሉ ሌሎቹ። ደረቅ መሬት ለዓሣ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሞት ነው።

እመት ጉማሬ ልትፈርድ አፏን ከፈተችና አንድ ነገር ዓይኗን ሳበው። የቆሮሶ ጉንጭ እንደ ሎሚ ተነፍቷል። ገላዋ ግን ከስቶ የጀርባ አጥንቷ ይታያል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለች። «የሐይቁን ዓሣ ሁሉ የበላ ሌባ እንዴት ይከሳል? ለምን?»

«ሕመም ይሆናል» አለ አያ ሽመላ ቶሎ ብሎ። «ብቻ ትውጣ። እኔው ልቀበላት ዳር ላይ አለሁ።»

እመት ጉማሬ ግን አንዴ «ለምን» ካለች የሚመልሳት የለም። ደህና አድርጋ ልታይ ጭንቅላቷን ወደ ውሃው ዝቅ አደረገች። በመገረም አፏን መዝጋት ረስታለች።

ቆሮሶ ያንን ትልቅ አፍ አየች። ዞራ የአያ ሽመላን ምንቃር አየች። አሸተተች። ከእመት ጉማሬ አፍ የሚወጣው ሽታ የሣር ነው፤ የዓሣ ሽታ ቅንጣት የለበትም። ከዚያ ጭራዋን መታ አድርጋ፣ ሰተት ብላ እመት ጉማሬ አፍ ውስጥ ገባች።

«ዋጠቻት!» ብሎ ሸንጎው ጮኸ።

እመት ጉማሬ አፏን ግጥም አደረገች። ዓይኗ ፈጠጠ። ምላሷ ላይ የሆነ ነገር ይርመሰመሳል። አንድ አይደለም፣ ሁለት አይደለም፤ እንደ ምስር የደቀቁ፣ ሕይወት ያላቸው፣ የሚኮረኩሩ ብዙ ነገሮች! ቆሮሶም በእመት ጉማሬ ጥርሶች መሃል ሾልካ ወጣች። ጉንጯ ጎድጉዷል። ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረች።

«እመት ጉማሬ፣ አደራዎን እንዳይውጡ! ልጆቼ ናቸው።»

ሸንጎው ወደ እመት ጉማሬ ተጠጋ።

«እኛ ቆሮሶዎች ልጆቻችንን የምናሳድገው በአፋችን ነው» አለች። «እስኪጠነክሩ ድረስ እህል አንቀምስ፣ ቃል አንተነፍስ። ደንገሉ ሥር ውሃው ሲሞቅ ትንሽ ይጫወቱ ብለን እንለቃቸዋለን። ያኔ አያ ሽመላ ይመጣና ይለቅማቸዋል። አፋችንን የምንከፍተው ለማን ነው? ልጆቻችንን ልንጎርስ? ወይስ ጎረቤት ልንጣራ? ሁለቱን አንችል! ትልልቅ ዓሣ ከየት ይምጣ፣ ትንንሾቹ ሳያድጉ ካለቁ?»

«ውሸት!» አለ አያ ሽመላ። «እኔ ደንገል ውስጥ እግሬን አላነሳሁም!»

ንስር ብድግ ብሎ በረረ፣ ተመለሰ። «የደንገሉ ጭቃ በሽመላ ዱካ ተወቅሯል። እኔማ ሳየው እንቁራሪት ፍለጋ መስሎኝ!»

«እመት ጉማሬ፣ ይፍረዱ እንጂ!» አለ አያ ሽመላ።

«እምምም» አለች እመት ጉማሬ። አፏ ሙሉ ነው፤ እንዴት ትናገር?

«ይናገሩ!»

«እምምም።»

«ይናገሩ እንጂ!»

ዝም። አንዷ ትንሽ ምላሷ ሥር ገብታ ስትኮረኩራት ዓይኗ እንባ አቀረረ።

አያ ሽመላ ወደ ሸንጎው ዞረ። «እንግዲህ ሕግ ሕግ ነው!» አለ። «ዝም ያለ ሌባ ነው! እመት ጉማሬም ሌባ ናት!»

ጋሽ አምባዛ ጢሙ ተርገፈገፈ። «ሣር በሊታዋ? የዓሣ ሌባ?» ብሎ ሳቀ። ንስር ሳቀ። እንቁራሪቶቹ ሳቁ። ሐይቁ ዳር እስከ ዳር ሳቀ። አያ ሽመላ ከሳቁ በላይ ለመሰማት «ሕግ ነው! ሌባ ናት!» እያለ ጮኸ፣ ጮኸ፣ በጣም ጮኸ። በመጨረሻ ድምፁ እንደ ደረቅ እንጨት ሰነጠቀና ቀረ። አፉን ቢከፍት ቢዘጋ ምንቃሩ ብቻ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል።

ቆሮሶ ልጆቿን ከእመት ጉማሬ ከንፈር ሥር አንድ በአንድ ለቀመች። እመት ጉማሬም ምላሷን አፍታታ ፍርድ ሰጠች።

«ውሃው ሲሞቅ፣ እናቶች አፋቸው ሲሞላ፣ ደንገሉ ይዘጋል። ምንቃር አይገባም፣ መረብ አይገባም፣ ጢም አይገባም።»

«ጢምም?» አለ ጋሽ አምባዛ።

«በተለይ ጢም! ልጆቹ አድገው ሲወጡ ሁሉም እንደ ፍላጎቱ ይብላ። አንተ ሽመላ፣ ደንገሉ ጫፍ ቆመህ ትጠብቃለህ። የሚገባ ካየህ ምንቃርህን አንኳኳ።»

እንደ ተባለውም ሆነ። በታንኳ የሚመጡ አጥማጆች እንኳ ያንን ቀጭ ቀጭ ሲሰሙ ዞረው በመሃሉ በኩል መረባቸውን ይጥሉ ጀመር። ክረምት አልፎ በጋ ሲመጣ ዓሣው መዳፍ አከለ፣ ከዚያም ክንድ አከለ። የጋሽ አምባዛም ሆድ ከጀርባው ተላቀቀ።

አንድ ማለዳ እመት ጉማሬ ቆሮሶን ደንገሉ ሥር አገኘቻት።

«ያን ጊዜ ሳልጠይቅሽ የቀረሁት አለ» አለቻት። «እኔ ለጥቂት ጊዜ ይዣቸው ምላሴ ሊያብድ ነበር። አንቺ እንዴት ያን ሁሉ ጊዜ ቻልሽው? ለምን አይከብድሽም?»

ቆሮሶ ቀና ብላ አየቻት። ጉንጮቿ እንደገና ሎሚ አክለዋል።

እመት ጉማሬ «እሺ፣ ገባኝ» አለችና አጠገቧ ጋደም ብላ መልሱን ጠበቀች።

አያችሁ ልጆች፣ ዝም ያለ ሁሉ ጥፋት አለበት አትበሉ፤ አፉ ውስጥ የሚጠብቀው ነገር ይኖር ይሆናል። ከሐይቅም መብላት የሚፈልግ ሰው እናቲቱ ልጆቿን እስክታሳድግ ይታገሥ።

ተረቴን ተቀበሉኝ፣ ጉሮሮዬን ማርጠቢያ ውሃ አቀብሉኝ።