ዳለቻ ድምፅዋን ስትለውጥ

አንድ ጊዜ በቆላ አገር ዝናቡ እምቢ አለና ሣሩ ከነሥሩ ደረቀ። አንዲት እናት አህያ ዳለቻ የምትባል ውርንጭላዋን አስከትላ፣ ዳገት ለዳገት ስትጓዝ ሰንብታ ደጋ ወጣች። ደጋው ሣር በሣር ነው። የደጋ አህዮችም ክፉዎች አልነበሩም፤ «ግቡ፣ ሣሩ ለሁላችንም ይበቃል» ብለው ተቀበሏቸው። ጣጣው የመጣው ዳለቻ አፏን የከፈተች ዕለት ነው።

የደጋ አህያ ሲያናፋ ቁርጥ ቁርጥ አድርጎ ቶሎ ይጨርሳል። የቆላ አህያ ግን ድምፁን ከሆዱ ያወጣና ጎትቶ፣ ጎትቶ፣ በስተመጨረሻ ወደ ታች ይለቀዋል። የቆላ ሜዳ ሰፊ ነው፤ እናትና ልጅ ሲጠራሩ ድምፁ ካልረዘመ አይደርስም። ዳለቻ እንደለመደችው አንድ ጊዜ ብታናፋ የደጋ ውርንጭሎች በሳቅ መሬት ላይ ተንከባለሉ።

«ኧረ ድገሚልን! ይቺ ልጅ ጀምራ መቼ ልትጨርስ ነው?»

«ስትጨርስ ቀስቅሱኝ!» አለ ሌላው ዓይኑን ጨፍኖ።

ዳለቻ መጀመሪያ አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ! በሦስተኛው ቀን ግን ሳቁ አላስቅ አላት። «ቆላዬ መጣች!» በተባለች ቁጥር ጆሮዋን ጥላ ዘወር ትላለች። ከዚያ ወዲያ ዝም አለች። ዝም ስትል ደግሞ «ኮራችብን» አሏት፤ ይሄስ አይገርማችሁም? ሲጫወቱ ከሩቅ ቆማ ታያለች። ሣሩ ጉልበቷ ድረስ አድጎላት አልበላ ይላታል።

እናቷ «ምን ሆንሽብኝ ልጄ?» ስትላት «ምንም» ትላለች፤ እሱንም በሹክሹክታ።

ይህን ሁሉ ቀበሮ ቁጥቋጦ ሥር ተጋድሞ ያያል። ቀበሮን መቼም ታውቁታላችሁ፤ እንባ ሲያይ የሚታወሰው ምሳው ነው። አንድ ቀን ጠጋ አለና «አንቺ ልጅ፣ የደጋውን አነጋገር ላስተምርሽ? በወር ውስጥ እዚሁ የተወለድሽ ትመስያለሽ» አላት።

«ለምን ብለው ይለፋሉ፣ አያ ቀበሮ?»

«እንዲያው አንጀቴን በልተሽው ነው።»

ይህን ብሎ በቀጥታ ወደ ጅብ ሮጠ። «አያ ጅቦ! ውርንጭላ በያዙ ቁጥር እናቲቱ እየደረሰች በርግጫ ትዘርርዎታለች አይደል?»

«አሁንም ጎኔን ያመኛል» አለ ጅብ።

«እንግዲህ እናቷ ድምፅዋን የማታውቅላት ውርንጭላ እያዘጋጀሁልዎት ነው። ጭጋግ እስኪወርድ ይታገሱ።»

«ዛሬ አልደረሰችም?»

«ገና ናት።»

«ነገስ?»

«ኧረ ይታገሱ አያ ጅቦ!»

ዳለቻ ትምህርት አይከብዳትም። ድምፅዋን ስታሳጥር፣ ስትቆርጥ፣ መጨረሻዋን ስትውጥ ወር አለፈ። አንድ ቀን ውርንጭሎቹ መሀል ሄዳ ቁርጥ ቁርጥ አድርጋ ብታናፋ «አሁን ገና ሰው ሆንሽ!» ብለው ጨዋታቸው ውስጥ አስገቧት። ደስ አላት፤ ለምን እዋሻለሁ፣ በጣም ደስ አላት።

በዚሁ መሀል እናቷ ከወንዙ ማዶ ሆና እንደ ወትሮዋ ጎትታ ጠራቻት። ውርንጭሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ዳለቻ በሩጫ ተሻግራ «እማ፣ በእናትሽ! በዚህ ሁሉ ልጅ ፊት እንደዚህ አትጥሪኝ» አለቻት።

«በምን ልጥራሽ ታዲያ? እኔ ሌላ አላውቅም።»

እናትም ከዚያ ቀን ጀምሮ መጣራት ተወች። ዳር ዳሩን ብቻዋን ትግጣለች። በዚያ ሁሉ አህያ መሀል እንደ እሷ የሚያናፋ አንድ እንኳን አልቀረላትም። ዳለቻም አንዳንዴ ከጨዋታው መሀል ቀና ብላ ታያትና ቅር ይላታል፤ ግን ሄዳ ምን ትበላት?

ነሐሴ ገባ። አንድ ጠዋት የገዛ አፍንጫን የማያሳይ ጭጋግ ወረደና ዳለቻ ከጓደኞቿ ተነጠለች። ጅብ የጠበቀው ይህንኑ ነበር፤ ከኋላዋ ዘሎ ጭራዋን ያዛት።

«ድረሱልኝ!» ብላ በደጋ ድምፅ ጮኸች።

የደጋ እናቶች ክው አሉ። እያንዳንዷ ዞር ብላ ልጇን አሸተተች።

«የኔ ይኸው አጠገቤ ነው።»

«የኔም አለች።»

«ድምፁ የኛ ነው፤ ልጆቻችን ደግሞ ሁሉም እዚህ ናቸው። ታዲያ ማን ናት?»

ዳለቻን ከልጆቻቸው ጋር የቆጠራት የለም። አንዳቸውም ከቆሙበት ንቅንቅ አላሉም።

ዳለቻ ይህን ጊዜ እናቷን በድሮው ድምፅዋ ልትጠራት ፈለገች። ያንን ረጅሙን ድምፅ ሆዷ ውስጥ ፈለገችው፣ ፈለገችው፤ አልመጣም። የወጣላት አጭሩ ብቻ ነው። እሱንም ደጋግማ ጮኸች፤ ማንም አልመጣም። እንዲያ ብቻዋን ሆና አታውቅም ነበር።

በመጨረሻ እየተንፈራገጠች ባለ በሌለ ኃይሏ ተፈናጠረች። ጭራዋ ተበጥሶ ጅብ አፍ ውስጥ ቀረ። ጅብም ጅብ ነውና መጀመሪያ እሱን ልጨርስ ብሎ ቁጭ አለ።

«አያ ጅቦ! ሥጋው እኮ እየሮጠ ነው!» ብሎ ቀበሮ ቢጮህ «እየበላሁ አታናግረኝ» አለው።

ዳለቻ ደሟን እያዘራች በጭጋጉ ውስጥ ስትደናበር ዳር ላይ የምትግጥ አንዲት አህያ ጋር ተላተመች። እናቷ ነበረች። እናት ልጇን ከላይ እስከ ታች አሸተተቻት፤ ቁስሏንም አገኘችው።

«ልጄ! ማነው እንዲህ ያደረገሽ?»

«እማ፣ ስጠራሽ ነበር እኮ። እዚሁ ቅርብሽ ነበርኩ። አልሰማሽኝም?»

እናት ቁስሏን ላሰችላት፣ ላሰችላት።

«ሰምቻለሁ» አለች፤ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። «ሰምቻለሁ ልጄ። ‹ምስኪን የደጋ ልጅ፣ እናቷ ትድረስላት› አልኩና ሣሬን መጋጤን ቀጠልኩ።»

ከዚህ የምንማረው የሌላውን አነጋገር መልመድ ነውር ባይሆንም፣ በአንድ ልጅ አነጋገር እየሳቅን የራሱን ስናስጥለው፣ በጭንቅ ቀን ወገኖቹን የሚጠራበትን ድምፅ እየነጠቅነው መሆኑን ነው።