የይመኙሻል ኮክ

ሰው ዛሬ የሚሠራውን ለነገ ሲያሳድር ሽማግሌ ሁሉ ከአፉ የማያጣት አንዲት ምሳሌ አለች። አብዛኛው ሰው ግማሿን ብሎ ሌላውን ይውጠዋል። የሚያሳዝነው ግን ያ የሚዋጠው ነው፤ እሱ የወጣው ከይመኙሻል ጓሮ ነው ይባላል።

ይመኙሻል ባሏ የሞተባት፣ አንዳርጌ የሚባል አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ልጁ ሲወለድ እትብቱን ጓሮ ቀብረው በላዩ ኮክ ተክለውበታል። ኮኩም ልጁም አደጉ። አንዳርጌ ሚስት ለራሱ መርጦ ሲመጣ ግን እናቲቱ እንቢ አለች። ቃል ቃልን አመጣና «ከቤቴ ውጣልኝ!» አለችው። ልጅ ሆዬም ወጣ። ከወንዙ ማዶ፣ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ጎጆ ቀለሰና «እናቴ ና ካለችኝ እመጣለሁ» ብሎ በገበያተኛ ላከባት።

«ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ይውደቅ እንጂ እኔ አልልክበትም» አለች። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ሆዷስ ባብቷል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ የምትሮጠው እሷው ነበረች።

በዚያ ክረምት ከኮኩ ሥር የጅብ ጥላ በቀለ። ጎረቤት እንዳያይባት ጠዋት ጠዋት እየለቀመች ከአጥር ውጭ ትጥለዋለች፤ ሁለት ቀን ከዘነበ ተመልሶ ቁጭ ነው። አንድ ቀን የባሏ ታላቅ ወንድም አያ ተገኘ ደረሱባት።

«እንጉዳዩን ብትለቅሚው ምን ይፈይዳል? የታመመው ሥሩ ነው። ዶማ አምጪና የበሰበሰውን ቆርጠን አመድ እናልብሰው። ገና ነው፣ ይድናል።»

«አያ፣ የልጄን እትብት በዶማ ልምታው? አገሩን ረስቶ እንዲቀር?»

«እንግዲያው ልጁን ጥሪውና በገዛ እጁ ይቆፍረው።»

«እሱ ይቅደም» አለች ፊቷን አዙራ። አያ ተገኘም ተቆጥተው ሄዱ።

መስከረም ሲጠባ አገሩ ሁሉ አበባ ለበሰ፤ ኮኩ ግን ያለችውን ቅጠል አረገፈ። ይሄኔ ይመኙሻል ደነገጠች። ናፍቆቱ ኩራቷን ረታውና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወንዙን ተሻገረች። ከልጇ ጎጆ ያገኘችው ሌላ ሰው ነበር።

«አንዳርጌማ ለዓመት በዓሉ ከእናቴ ቃል ይመጣልኛል ብሎ ጳጉሜን ሙሉ መንገድ ሲያይ ከረመ» አላት ሰውዬው። «ሲቀርበት ሚስቱን ይዞ ወደ ቆላ ወረደ። የት እንደደረሰ አላወቅንም።»

ይመኙሻል እንደተመለሰች ወደ ጓሮ ገባች፤ ያን ያልነካችውን ዶማ አንሥታ ቆፈረች። ሥሩ እንደ ኩበት እጇ ላይ ተፈረፈረ። አያ ተገኘ ሲመጡ አፈሩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኟት።

«አያ፣ እንግዲህ ምን ላድርግ? በየት በኩል ልፈልገው?»

ሽማግሌው ዶማውን ከእጇ ተቀብለው አጠገቧ ተቀመጡ። ቁጣቸው ሁሉ ጠፍቶ ዓይናቸው እንባ አቀረረ፤ እንዲህም አሉ፦ «ምን ልበልሽ እታለሜ፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ።»