ለወይራው የሚሰፈር ጤፍ

«ተረት ተረት» ስላችሁ «የአያት መሬት» በሉኝ።

ከርከሮ ኮረብታው ላይ መሬት ነበረው። እኩሌታውን ያርሳል፤ እኩሌታውን የጥንት የወይራ ደን ሸፍኖታል። ከደኑ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ከታች ያለውን የበሬን ማሳ ያጠጣ ነበርና፣ በሬ በየመኸሩ አንድ ቁና ጤፍ ይዞ ይወጣል። «ወይራውን ስለተውክልኝ» ብሎም ይሰፍርለታል።

ምድሩ ዝናብ በጠገበበት ዓመት ግን በሬ ጤፉን አስቀረ። «ወይራው እንደሆነ በራሱ ቆሟል» አለ። «ቁጭ ብሎ ለሚውል ስለምን እሰፍራለሁ?»

«ልጆቼ ጥላ አይበሉም» አለ ከርከሮ። «ጤፉ ከቀረ ደኑን መንጥሬ አርሰዋለሁ።»

በጋውን ሙሉ ወይራውን ከነሥሩ ሲነቅል ከረመ፤ ክረምት ሲገባም ገብስ ዘራበት።

በዓመቱ ምንጩ ደረቀ። በሬ ሁለት ቁና ጤፍ ተሸክሞ እያለከለከ ወጣ። ከርከሮ ግን ጤፉን አልነካውም።

«በምን አፌ ልቀበልህ?» አለው። «የምተውልህ ወይራ የለኝም።»

በሬ አንገቱን ደፍቶ ወረደ። ከደረቀው ምንጭ አጠገብ ኤሊ ተኝታ አገኘ፤ በዚያ አገር እሷን በዕድሜ የሚበልጥ እንስሳ አልነበረም።

«እማማ፣ ያ ወይራ እንደዚያ ለመሆን ስንት ዓመት ፈጀበት?»

«እንጃ ልጄ» አለችው። «እኔ ስፈለፈል አርጅቶ ነበር።»