የስንዱ ከንፈርና የበለስ ልጣጭ

እኔ ተረት ላምጣ፣ እናንተ ጆሮ አምጡ። መሃል ላይ ግን አታቋርጡኝ፤ ሰንሰለት ነው፣ ይበጠሳል።

አንጓች የምትባል ሴት ነበረች፤ ቅቤና ሰም አቅልጣ የከንፈር ቅባት የምትሠራ። የጎረቤቷ ልጅ ስንዱ ነገ ልትዳር ነው። የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ፣ ከንፈሯ እንዲቀላላት። አንጓችም፣ «ነገ ከንፈርሽ ካልቀላ ቅባት መሥራቴን እተዋለሁ» አለቻት። ቀለሙ የት እንዳለ አሳምራ ታውቃለች፤ ሰው በልቶ በሚጥለው የቀይ በለስ ልጣጭ ውስጥ ነው።

በለስ ሻጯ ወለላ ዘንድ ሄደች። ወለላ ልጣጩ የበጌ ቀለብ ነው፣ ፉርሽካ ካመጣሽለት ውሰጂው አለቻት።

ወፍጮ ቤት ሄደች። «ጋሼ ሞላልኝ፣ ከንፈሩ ቀለም ይሻል፣ ቀለሙ ልጣጭ ይሻል፣ ልጣጩን በግ ይዞታል፣ በጉ ፉርሽካ ይሻል።» ሞላልኝ ፉርሽካ ሞልቶኛል፣ ጆንያዬ ግን ተቀዷል አለ። በነጠላዬ ልያዘው ብትለው፣ ከኔ ወፍጮ ፉርሽካ በነጠላ ሲወጣ ሰው ምን ይለኛል አላት። ኩራቱን እዩልኝ!

ጆንያ ሰፊው ዘንድ ሄደች። «አያ ይመር፣ ከንፈሩ ቀለም ይሻል፣ ቀለሙ ልጣጭ ይሻል፣ ልጣጩን በግ ይዞታል፣ በጉ ፉርሽካ ይሻል፣ ፉርሽካው ጆንያ ይሻል፣ ጆንያው መሰፋት ይሻል።» ይመር ወስፌውን አሳያት፤ ወስፌ አለ፣ ክር የለም። ጠንካራ ክር የምትፈትለው አልጋነሽ ናት አላት። አልጋነሽ ማን ትሁን? የስንዱ እናት።

አልጋነሽ ደግሞ ደንብ አላት። ሙሽራ አጊጣ ሳታበቃ ከቤት ክር ከወጣ ትዳሯ ይበጠሳል፤ የልጄ ከንፈር ሳይቀላ አልሰጥም አለች። እንግዲህ ከንፈሩ ክሩን ይጠብቃል፣ ክሩ ከንፈሩን።

አንጓች አልደነገጠችም። አጠገቧ ቁጭ አለችና፣ «እትዬ አልጋነሽ፣ ክርሽ ካልወጣ ጆንያው አይሰፋም፣ ጆንያው ካልተሰፋ ፉርሽካው አይመጣም፣ ፉርሽካው ካልመጣ በጉ አይለቅም፣ በጉ ካልለቀቀ ልጣጭ የለም፣ ልጣጭ ከሌለ ቀለም የለም፣ ቀለም ከሌለ ልጅሽ ነገ እንደ በሽተኛ ነጥታ ትወጣለች» አለቻት።

አልጋነሽ እንዝርቷን አየች፣ ልጇን አየች።

«ደንቡን ያወጡት እናቶች ናቸው፤ እኔም እናት ነኝ» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

ክሩ ጆንያውን ሰፋ፣ ጆንያው ፉርሽካውን ያዘ፣ ፉርሽካው በጉን አጠገበ፣ በጉ ልጣጩን ለቀቀ፣ ልጣጩ ተቀቀለ፣ ተጨመቀ፣ ቀለሙ ወፍሮ ከቅቤው ገባ፣ ቅቤው ከንፈሩን አቀላ።

ስንዱ ስትወጣ መጀመሪያ የሳመችው እናቷን ነው። አልጋነሽም ያንን ቀይ ጉንጭ ሳትጠርግ ሰርጉን ዋለችበት።

ተረቴ ሄደ፣ ምርቃቱ ለእናንተ ይቅር።